ችካል አሥራ አራት ላይ የሚመለሱ ሰዎች

በሁለት ሺህ ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ እኛ የላይ አንጓች ነዋሪዎች ፈሪዎች መሆናችንን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰን። ስድብ የለበትም። ከላይ እስከ ታች «የተከበራችሁ» የሚል ትሑት ደብዳቤ ነው። ባጭሩ የሚለው ይህን ነበር፤ ከላይ አንጓች ወደ ማዶ አንጓች የሚወስደው የእግር መንገድ ሃያ ስምንት ችካሎች አሉት፤ ከመንገደኞቹ ሁለት ሦስተኛው ችካል አሥራ አራት ሲደርሱ ወደ ኋላ ይመለሳሉ፤ ይህም ሕዝቡ መንገዱን እንደሚፈራው ያሳያል፤ የሚፈራ መንገድ ደግሞ ድጋፍ አያገኝም። በሠላሳ ቀን ውስጥ ለውጥ ካልታየ መንገዱ ይዘጋል።

ደብዳቤውን ያነበበልን፣ ከመንገዱ ተናጋሪ ችካሎች የመጀመሪያው፣ ችካል አንድ ነው፤ ጠዋት ውሃ ልንቀዳ ተሰልፈን ሳለ። ድምፁ የጥሩ ሐኪም ድምፅ ነው፣ መጥፎ ነገር ሲናገር ይበልጥ ይለሰልሳል። ሲጨርስ ጥያቄ ያለው ካለ ብሎ ጠየቀ። የመንገድ ኮሚቴው ሊቀ መንበር ጋሽ ናሆም ባርኔጣውን አውልቆ ለችካሉ እጅ ነሣ። ኋላ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ስንጠይቀው፣ ሌላ የሚያደርገው ነገር ስለጠፋው መሆኑን ነገረን።

መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን እናውቃለን። ከኛ በላይ የነበሩት ሦስት መንደሮች ሲደርስባቸው አይተናል። መንገድ የሌለው መንደር ለዝምታ ይሰጣል። ዝምታ የምንለው የሰው እግር የማይረግጠውን መሬት ነው። ሰዎቹ ከተማ ወርደው ሕንጻ ላይ ቤት ይሰጣቸዋል፤ የቤታቸው በርና መስኮት ይነቀላል፤ በሁለተኛው ክረምት ሣሩ ደረት ይደርሳል። ከግቢዬ ሆኜ አየዋለሁ። ያምራል። እውነቱን ለመናገር ሰው ሳይኖርበት ይበልጥ አምሯል፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሕንጻው አልነበረም። የልጅ ልጄ ይመናሹ የመንገዱ ጠባቂ ናት። ጠባቂ መንገድን ይከተላል፤ የኛ ከተዘጋ ሁለት ቀን ወደሚያስኬድ ሌላ ተፋሰስ ትላካለች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ከዓይኔ ሳትርቅ ነው ያሳደግኳት። እሷም ራሷ ለሰው እንዲህ ብላ ትናገራለች፣ ስትናገረው ግን ምስጋና አይመስልም።

እኔ ኤልዳና እባላለሁ። ልጅ ሳለሁ ኤልዳና የሚባል አያት አልነበረም፤ አያቶች ይመናሹ ይባሉ ነበር። አሁን ነገሩ ተገላብጧል። መንደሩ በእማማ ኤልዳና፣ በእትዬ ሊዲያና በጋሽ ናሆም ተሞልቶ ወጣቶቹ እነ ይመናሹ ሆነዋል። እስከ አሥረኛ ክፍል ተምሬያለሁ። ከትምህርቱ ሁሉ አጥርቼ የማስታውሰው ስለ መጀመሪያ ሕክምና ርዳታ የሚያወራውን ምዕራፍ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ፊቴ የወደቀ ሰው የለም። እኔ ግን ተዘጋጅቼ እጠብቃለሁ።

ለማያውቀን ሰው፣ የኛ ሥራ መሬቱን አለመንካት ነው። ቀላል የሚመስለው ካለ ይሞክረው። ማረስ ካቆምን ሃያ ስድስት ዓመታችን ነው። በሬዎቹ ጡረታ ወጥተዋል። እህላችን ከታች በሳጥን ይመጣል። የአንጓችን ወንዝ ከታች የሚጠጡት ከተሞች ለተፋሰሱ ድጋፍ ያደርጋሉ፤ በዚያ ድጋፍ ምንጩ ይጠበቃል፣ እርከኑ ይጠገናል፣ መንገዱ ይጠረጋል፣ እኛም እንኖራለን። ደጋፊዎቹ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ መንገዶቹ በሰው መወደዳቸውን ማወቅ። ይህን የሚነግሯቸው ችካሎቹ ናቸው። ችካል እግርን በአረማመዱ ያውቃል። ከመንገዱ አንድ እርምጃ ወጣ ያለ ሰው «እባክዎ፣ ሣሩ ተኝቷል» ይባላል። አንድ ጊዜ ጋሽ ናሆም ወድቆ የቆየ የወይራ ቅርንጫፍ ለምርኩዝ አንሥቶ ስድስት ወር የይቅርታ ደብዳቤ ሲጽፍ ከርሟል። ከመንገዱ መሀል የተመለሰ ሰው ደግሞ «ለምን ተመለሱ?» ተብሎ ይጠየቃል። አብዛኛው ሰው ዝም ብሎ ያልፋል። እኔ ግን በትሕትና የተጠየቀ ሰው በዝርዝር መልስ መስጠት አለበት ብዬ የማምን ሴት ነኝ። ጣጣው የመጣውም ከዚሁ ነው።

ከደብዳቤው ማግስት ኮሚቴው ጋሽ ናሆም ግቢ ተሰበሰበ። ጥያቄው ሰው ችካል አሥራ አራት ላይ ምን እንደሚያስፈራው ማወቅ ነበር። ቦታው ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፤ ከዚያ ሆነው ሲያዩ ላይ አንጓችም ማዶ አንጓችም ይታያል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ገደሉን ተጠግቶ ይታጠፋል። አንዱ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነብር ታይቶ ነበር አለ። ሌላው ቦታው ድሮም መልካም አይደለም አለ። ሦስተኛው ጥፋቱ የኩርባው ነው አለ። እኔ ሦስቱንም ደገፍኩ። ስለ ኩርባው ለብዙ ጊዜ ስናገር መኖሬን፣ ሰሚ አጥቼ እንጂ ዛሬ የሚባለውን ያኔ ብዬው እንደነበር ጠቀስኩ። ደስታ ቢጤም ተሰምቶኝ ነበር፤ አልክድም። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲሰጋ ኖሮ ስጋቱ በደብዳቤ ሲረጋገጥለት የሚሰማው ደስታ ነው።

በዚያ ሳምንት ያልተደረገ የለም። ሽማግሌዎች ችካል አሥራ አራት ላይ በየተራ ተቀምጠው ዋሉ፣ ሰው እንዲደፍር። ቄሱ መጥተው ጸበል ረጩ፤ ችካሉ «ያልታቀደ እርጥበት» ብሎ መዘገበው። በስምንተኛው ቀን ቁጥሩ ብሶ ተገኘ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው እዚያ ድረስ ሄደው ተመላሽ ስለሆኑ ነው።

ይመናሹ ያን ቀን ከሥራ እንደገባች እግሯን እንኳ ሳትታጠብ ቁጭ በይ አለችኝ። ጠባቂዎች ከችካሎቹ የእግር ዝርዝር መጠየቅ ይችላሉ። ስም የለበትም፤ እግሩ ብቻ ነው የሚገለጸው። ከተመላሾቹ ሁሉ አንደኛ የወጣችውን አነበበችልኝ፤ ሴት ናት፣ ክብደቷ ቀላል ነው፣ ግራ እግሯን ጎተት ታደርጋለች፣ ዘወትር ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ አሥራ አራትን ስትነካ ትመለሳለች፤ በሁለት ዓመት ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ።

አንጀቴን በላችኝ። እንዲህ እየፈራች በየቀኑ የምትሞክር ሴት መንደራችን ውስጥ እያለች እንዴት የሚረዳት ሰው ጠፋ አልኩ። አንድ ሰው እጇን ይዞ ሊያሻግራት ይገባ ነበር፣ ነገ ለኮሚቴው አነሣዋለሁ አልኩ። ይመናሹ ግራ እግሬን ታይ ነበር።

ልጅቷን በየጠዋቱ እሸኛታለሁ። ይኸው ነው ወንጀሌ። ቁርሷን በልታ ስትወጣ ነጠላዬን አነሣና እከተላታለሁ፤ እስከ አሥራ አራት አደርሳታለሁ፤ እዚያ ላይ «በቃ ተመለሺ፣ እማዬ» ትለኛለች፤ ኩርባውን እስክታልፍ ቆሜ አይቼ እመለሳለሁ። ሃያ አራት ዓመቷ ነው ብያለሁ። መንገዱ የሷ ነው፤ ድንጋዩን በስም ታውቀዋለች። እኔ ግን ካልሸኘኋት ቀኑ በቅጡ የጀመረ አይመስለኝም። ከኩርባው ወዲያ አልፌ አላውቅም፤ ጉልበቴ ነው እላለሁ፣ ግን ጉልበቴ ብቻ አይደለም።

ዝርዝሩ ሲቀጥል ሁሉም እንደኔ ሆኖ ተገኘ። ምርኩዝ የያዘው ከባድ ሰው ጋሽ ናሆም ነው፤ አማቶቹን ሲሸኝ። በአንድ ቀን አምስት ጊዜ ወዲያና ወዲህ የሚሉ ሁለት አሮጊቶች እኔና የማዶዋ ሊዲያ ነን። እሷ ልትጠይቀኝ ትመጣለች፤ ስትሄድ እሸኛታለሁ፤ አሥራ አራት ስንደርስ «አንቺስ ብቻሽን ልትመለሺ?» ብላ እስከ አሥር መልሳ ትሸኘኛለች፤ እኔም አሳፍራኝ እንደገና አደርሳታለሁ። ችካሎቹ ይህን «አቅጣጫ የጠፋባቸው መንገደኞች» ብለው መዝግበውት፣ ባለፈው ዓመት አራት የቀስት ምልክት የተተከለው ለኛ ኖሯል። ምልክቶቹን ስናይ እኔና ሊዲያ ማን ሞኝ ነው መንገድ የሚጠፋው ብለን ስቀን ነበር።

ከኮሚቴው አንድ ሰው እንኳ ሽኝትን ያላሰበው ለምን እንደሆነ ሰው ይጠይቅ ይሆናል። ሽኝት በኛ ዘንድ መሄድ ስላልሆነ ነው። እስከ አሥራ አራት ሸኝቶ የተመለሰ ሰው የት ነበርክ ቢሉት የትም አልሄድኩም ይላል፤ ከልቡ ነው።

ከዚህ የባሰው ግን ሁለተኛው ወረቀት ነበር፤ የሰጠኋቸው መልሶች። ለምን ተመለሱ ሲሉኝ፣ ለይመናሹ ብዬ፣ ኩርባው ላይ መደገፊያ እንዲሠሩላት ያገኘሁትን ሁሉ ስነግራቸው ኖሬያለሁ። ድንጋዩ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ነፋሱ ነጠላ ይነጥቃል፤ ገደሉ ሰው ይስባል፤ ጉሬዛ ሰድቦኛል። መቶ ሰባት አቤቱታ። መደገፊያ ለማሠራት ያቀረብኩት ማስረጃ በሙሉ መንገዱን ለማዘጋት የተጻፈ ያህል ተቀምጧል። ይመናሹ አንብባ ስትጨርስ ጉሬዛው ምን ብሎ እንደሰደበኝ ጠየቀችኝ። ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም።

ኮሚቴው በማግስቱ በቀሩት ሃያ ሁለት ቀናት ማንም ማንንም እንዳይሸኝ ወሰነ። ለማዶ ሰዎችም ተላከባቸው፤ ተስማሙ። ሃሳቡ ትክክል ነበር። አፈጻጸሙን ለታዘበ ግን መንደሩ በአንድ ሌሊት ባለጌ የሆነ ይመስል ነበር። ሰው እንግዳውን ደጃፍ ላይ ጨብጦ ሮጦ ይገባና በሩን ይዘጋል፤ ፊቱ እንዳይታይ። የጋሽ ናሆም አማት ብቻቸውን ሄደው በሦስተኛው ቀን ምን እንዳጠፉ የሚጠይቅ መልእክት ላኩ። እኔ የመጀመሪያውን ጠዋት የበሩን መቃን ይዤ አሳለፍኩት። በሁለተኛው ቀን በዓይኔ ሸኘኋት። በሦስተኛው በድምፅ ልሸኛት ሞከርኩ፤ ከግቢዬ ሆኜ ሹራብ መያዟን፣ ውሃ መያዟን፣ ከጥግ መራቋን እየጠየቅሁ፤ ችካል ሦስት «ከፍተኛ ጫጫታ» ብሎ ስለመዘገበኝ ጋሽ ናሆም ራሱ ቤቴ ድረስ መጥቶ ለመነኝ። «ኤልዱ፣ አንቺ ብቻ ዝም ብትይልን ሌላው ይሳካል» አለኝ። አርባ ዓመት ጎረቤቴ ነው፤ እንዲህ ሲለኝ የመጀመሪያው አይደለም።

ለቆጠራው ቀን ሰኔ አሥራ ስድስት ተቆረጠ። በዚያ ቀን እስከ መጨረሻ የሄዱት ከተመለሱት ከበለጡ መንገዱ ይተርፋል። ዕቅዱ የሚያምር ነበር፤ የላይ አንጓች አዋቂ በሙሉ፣ አርባ አንድ ሰው፣ ጠዋት ተነሥቶ ማዶ ድረስ ይሄዳል፣ ትንሽ አርፎ ይመለሳል። አርባ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ኩርባውን ያልፋል፤ አንድም ተመላሽ የለም። እኔ እንዳልሄድ ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ድምፅ ሲሰጥ እኔም እጄን አወጣሁ።

ስለዚህ ግቢዬ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጬ አየሁት። ከግቢዬ አሥራ አራት ጥርት ብሎ ይታያል። ሰልፉ ደረሰ፤ ጋሽ ናሆም ፊት ፊት ነበር፤ ይመናሹ መጨረሻ ላይ። ሁሉም ኩርባውን ታጥፈው ጠፉ። አንድም ሰው ወደ ኋላ አላየም። እግዜር ይመስገን ብዬ ነጠላዬን አስተካከልኩ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ሰልፉ ከኩርባው ብቅ አለ። ረዝሟል። ዓይኔ ነው ብዬ ጠራረግሁት። የማዶ ሰዎች ነበሩ፤ ሠላሳ ስድስቱም እየሸኟቸው መጡ። ኋላ እንደሰማሁት ዝም ብለው ሊለቋቸው ቆርጠው ነበር፤ ጋሽ ናሆም ግን ማዶን ከረገጠ ሰባት ዓመቱ ነው፤ እሱ ሲነሣ ሊዲያ ቤቷ ውስጥ መቀመጥ አቃታት። ትንሽ ብቻ፣ እስከ በሩ ብቻ ብላ ወጣች። እሷ ስትወጣ ሌላው ቀርቶ መታየት አፈረ። አሥራ አራት ላይ ደረሱና ማዶዎቹ ተመለሱ። በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። የኛ ሰዎች ሠላሳ ስድስት ሰው እስከዚያ ድረስ ደክሞላቸው ዝም ብለው ሊመጡ አልቻሉም፤ እስከ አሥራ ስምንት መልሰው ሸኟቸው፤ በዚህም እነሱ ራሳቸው ተመላሽ ሆነው ተቆጠሩ። ሰልፉ ድንጋዩ ላይ ወዲያ ሲፈስ፣ ወዲህ ሲፈስ አየሁ። ሳቄ መጣ። በርጩማው ላይ ሆኜ እስኪያስለኝ ሳቅሁ። ከዚያ ይመናሹን አየኋት፤ ብቻዋን፣ ችካሉ አጠገብ ቆማ፣ ሁለቱን እጆቿን ራሷ ላይ አድርጋ። ሳቄ እዚያው ቆመ።

ነጠላዬን አንሥቼ ሄድኩ። እኔ እስክደርስ ሰዉ ተበትኖ፣ ይመናሹም ሥራዋ ወዳለበት ወደ ማዶ አልፋ ነበር። ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብዬ ትንፋሼን ስሰበስብ ችካሉ አቤቱታ ካለኝ ብሎ ጠየቀኝ። ያቀረብኩትን ሁሉ ላነሣ መምጣቴን ነገርኩት፤ ጉሬዛውም እንዳልሰደበኝ። ማንሣት እንደማይቻል፣ መጨመር ግን እንደሚቻል ገለጸልኝ። እሺ ጨምር አልኩት።

«እነዚህ ሰዎች ፈርተው አይደለም የሚመለሱት፣ ልጄ። እየሸኙ ነው።»

«ሽኝት ምን ይጠቅማል?» አለ።

ይህን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። አሰብኩ። «ሰው መንገዱን ብቻውን እንዳይጀምር ነው።»

«ብቻውን ይጨርሳል ማለት ነው?»

«መጨረሱን ይችለዋል።»

«ተሸኚው ይህን ይጠይቃል?»

«ኧረ የለም። እንዲያውም ተመለሱ እያለ ይለምናል።»

«ታዲያ ለምን አትመለሱም?»

«ቶሎ ከተመለስን ይቀየማል» አልኩት።

ከዚያ ብዙ ቆየ። ሐኪም ውጤት ይዞ ከመግባቱ በፊት ደጅ ላይ እንደሚቆየው። ምስክርነቴ ወደ ታች መተላለፉን ነግሮኝ፣ ስመለስ ጉልበቴን እንድጠነቀቅ መከረኝ።

መልሱ በዘጠነኛው ቀን መጣ። ችካል አንድ ሲያነበው እኔ የሊዲያን እጅ ይዤ ነበር፤ ላልሸኛት ምዬ ነው ያስመጣኋት። መንገዱ አንድ ሳይሆን ሁለት ሆኖ ተገኝቷል ይላል። አንዱ ከላይ አንጓች እስከ አሥራ አራት፣ ሌላው ከማዶ አንጓች እስከ አሥራ አራት። አሥራ አራት የደረሰ ሁሉ መንገዱን ጨርሷል። በዚህ ስሌት መንገዶቻችን በተፋሰሱ ውስጥ እስከ መጨረሻ በመሄድ አንደኛና ሁለተኛ ወጥተዋል፤ ድጋፉ ይቀጥላል። እልልታው ችካሉን አቋረጠው። ጋሽ ናሆም ባርኔጣውን አውልቆ እንደገና እጅ ነሣ።

እልልታው ሲበርድ ችካሉ የቀረውን አነበበ። ሁለት መንገድ ሁለት ጠባቂ ያስፈልገዋል። ጠባቂ በመንገዱ መነሻ ይኖራል። የማዶው ለይመናሹ ተሰጥቷል፤ በአሥር ቀን ውስጥ ካልተረከበች የማዶው ይዘጋል፤ ግማሹ ከተዘጋ ሌላውም አይደገፍም። የላዩን ደግሞ በእግር ብዛት ከሁሉ የላቀችው፣ ግራ እግሯን ጎተት የምታደርገው መንገደኛ እንድትጠብቅ ተመርጣለች። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። በስልሳ ስምንት ዓመቴ ሥራ ያዝኩ። ደመወዝ፣ የዝናብ ልብስና ፊሽካ ያለው። ግዴታዬ በየቀኑ አሥራ አራት ደርሶ መመለስ ነው፤ ቤቴ ደግሞ መነሻው ላይ መሆን ስላለበት ልጅቷን ተከትዬ ማዶ መግባት አልችልም።

በሦስተኛው ቀን ይመናሹ የላይኛውን መንገድ መጥረጊያ እያሳየችኝ ሳለ፣ እንዴት እንደሚያዝ፣ ቅጠሉን ወደየት እንደሚገፋ፣ ቀና ሳትል ተናገረች። «ቅሪ ካልሽኝ እቀራለሁ፣ እማዬ። ሕንጻውም ቢሆን አብረን እንገባለን።»

ቅሪ ማለት ፈልጌ ነበር። ዕድሜዬን ሁሉ የተለማመድኩት ቃል ነው። ቆይ፣ ጠብቂ፣ ቀስ በይ፣ አብሬሽ ልምጣ፤ ከነዚህ ሌላ ምን ብያት አውቃለሁ? ወደ ላይ አየሁ፤ ዝምታው፣ ደረት የደረሰው ሣር፣ በነፋስ ይተኛል ይነሣል። የሚያምር ነገር ነው። አሥራ ዘጠኝ ቤት እዚያ ውስጥ ሲገባ ይበልጥ ያምር ይሆናል።

«ሂጂ» አልኳት።

መጥረጊያውን ለቀቀችው። ከዚህ በኋላ ስለ ሹራብ፣ ስለ ማዶ ብርድ፣ ስለ ሊዲያ ምግብ ጨው ብዛትና ስለ ሌላም ብዙ ተናግሬያለሁ፤ የሰማችው ግን ያችን አንዷን ቃል ይመስለኛል። አልጋ ልብሷን ተሸክማ የሄደች ቀን የሸኘኋት በሥራ ሰዓቴ ነው። አሥራ አራት ላይ ችካሉ መንገዱን በመጨረሴ እንኳን ደስ አለዎት አለኝ።

አሁን በየጠዋቱ መጥረጊያዬን ይዤ እወጣለሁ። የምሸኘው ሰው የለም። መጀመሪያ ሰሞን አጠገቤ ያለ እየመሰለኝ ወደ ግድግዳው በኩል ተጠጊ እል ነበር፣ ለማንም። እሷም ከማዶ ጠርጋ ጠርጋ አሥራ አራት ትደርሳለች፤ ግዴታዋ ነው። ድንጋዩ ላይ ቁጭ እንላለን፤ እግሬን ታየኛለች፣ ክሳቷን አያለሁ፤ ከዚያ እሷም እኔም ወደ ኋላ እንመለሳለን። በሁለቱም በኩል የተጨረሰ መንገድ ተብሎ ይመዘገባል። ጋሽ ናሆም ከታች ሊጎበኙን ለመጡ ሰዎች ይህን ከሩቅ ሲያሳይ አይቻለሁ። እነሱም እጃቸውን ያውለበልቡልናል።

ነሐሴ ሃያ ቀን ጉሙ እስከ ጉልበቴ ወርዶ ነበር። አሥራ አራት ደረስኩ፣ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ፤ አልመጣችም። ችካሉ መንገዱ ማለቁን አስታወሰኝ። ቆየሁ። ዝናቡ ቆመ፣ አልመጣችም። ስለ ወደቀ ሰው የተማርኩትን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ በልቤ አነበነብኩት፤ እጅና እግሩን አትነቅንቅ፣ ልብስ አልብስ፣ ርዳታ ጥራ። ከዚያ ተነሣሁ፤ አለቱን በአንድ እጄ፣ መጥረጊያውን በሌላው ይዤ ወደ ኩርባው ገባሁ። መቶ ሰባት ጊዜ ስከስሰው የኖርኩት ቦታ ስምንት እርምጃ ነው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያሳልፋል። በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ስምንት እርምጃ የለም።

ኩርባው እንዳለቀ አገኘኋት። በጭቃ ተለውሳ፣ ውሃ የዘጋውን ቦይ በእጇ ትከፍታለች፤ ደህና ናት፣ እያፏጨች ነው። ቀና ብላ ስታየኝ ቦዩን ረስታ ቆመች። የቆምኩበትንና የመጣሁበትን አይታ እንደገና እኔን አየች።

«እማዬ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ልቀበልሽ መጣሁ።»

ጭቃማ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ መጥታ በዚያው እጇ ነጠላዬን ያዘችኝ፤ ነጩን ነጠላ። ችካል አሥራ አምስት የሁለታችንንም እግር ቆጠረ፤ ምን ብሎ እንደሚጽፈን ጨንቆት መሆን አለበት፣ በዚያ በሐኪም ድምፁ የጉዞዬን ዓላማ እንድገልጽ በትሕትና ጠየቀኝ። ይመናሹ፣ ደንቡን የምታከብር ልጅ፣ ልትነግረው አፏን ከፈተች። እንዳትነግረው እጇን ጨበጥ አደረግሁት። ሽኝትን ሲያውቁት መንገዱን ለሁለት ከፍለውታል። መቀበልን እስከ ዛሬ አያውቁትም።